የስኳር ኪኒን ሆድ ሲያውክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአፍ የሚወሰድ የስኳር መድኃኒት ሁሉ «የስኳር ኪኒን» እየተባለ በአንድ ስም ይጠራል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሜትፎርሚን የሚያስከትለው ችግር ከግሊቤንክላማይድ ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ ለአንዱ የተነገረ ምክር ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ከንግድ ስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም ማንበብ ይቀድማል።

ሜትፎርሚን ሲጀመር ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ አንዳንዴም አፍን ብረት ብረት ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚያቆመው በእነዚህ የተነሳ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ የማየው አጀማመሩ ላይ ነው። ደንበኛው አካሄድ በቀን አንዴ 500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ጀምሮ፣ ሆድ ከቻለው በየሳምንቱ 500 እየጨመሩ፣ ስኳሩ እስኪስተካከል ወይም ቀኑን ሙሉ የሚወሰደው 2000 እስኪሞላ መሄድ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠዋት 1000፣ ማታ 1000 የዋጠ ሰው ሽንት ቤት ቢመላለስ ምን ይገርማል? መጠኑ ሲጨመር ሆድ ካመፀ፣ ሐኪሙን አማክሮ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስና ሰንበት ብሎ እንደገና መሞከር ይቻላል። «ከምግብ ጋር» ሲባልም በማዕዱ መሐል ወይም በልተው እንዳበቁ ማለት ነው፤ በባዶ ሆድ ውጦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብላት አይቆጠርም።

በዚህ ሁሉ ሆድ እምቢ ካለ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነት አለ፤ ስሙ አጠገብ ኤክስአር ወይም ኤስአር የሚል ይጻፍበታል። ይህኛው አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ ከተፈጨ ለሰዓታት የታሰበው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ኪኒኑ እንዳለ ከሰገራ ጋር ወጣ ብለው የሚደነግጡም አሉ። የወጣው ባዶ ቀፎው ነው፤ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ቀርቷል፣ ምትክ መዋጥ አያስፈልግም። ለዓመታት ያለ ችግር ሲወሰድ ቆይቶ በድንገት የሚጀምር ተቅማጥና ትውከት ግን ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል መመርመር አለበት።

የሆዱ ነገር ስለሚጮህ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣው ይዘነጋል። ሜትፎርሚን ለዓመታት፣ በተለይ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። ምልክቱ እግር መደንዘዝ፣ መርፌ መርፌ ማለት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ነው። ስኳር ራሱ ነርቭ ሲጎዳ የሚያሳየው ምልክትም ይኸው ስለሆነ «ስኳሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ቢ12ን መለካት፣ እግሩ የደነዘዘው ሰው ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ማስለካት ይገባዋል። እጥረቱ በኪኒን ወይም በመርፌ ይተካል። ደም ማነስ ታየ ተብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ መስጠት ግን ደሙን አስተካክሎ የነርቩን ጉዳት ሸፍኖ ያስቀጥለዋል።

ስሙ የሚያስፈራው ላክቲክ አሲዶሲስ፣ ማለትም ደም ውስጥ አሲድ መከማቸት፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። የሜትፎርሚን የቅርብ ዘመድ የሆነው ፌንፎርሚን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከብዙ አገሮች የወጣው በዚሁ ጠንቅ ነበር። ሜትፎርሚን ሳይለወጥ በኩላሊት ስለሚወገድ ወሳኙ ኩላሊት ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ኢጂኤፍአር የተባለው፣ ኩላሊት ደም የማጣራት አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር ከ30 በታች ከሆነ አይወሰድም፤ ከ45 በታች ከወረደ ሐኪሙ መቀጠሉን ማጤንና አብዛኛውን ጊዜም መጠኑን መቀነስ አለበት። ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ የያዘው ሰው ውኃው ሲያልቅ ኩላሊቱ ይዳከማልና፣ ሐኪሙን አማክሮ ኪኒኑን ያቆምና እንደ ወትሮው መብላትና መጠጣት ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይመለስበታል። (ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ይህን ሰምቶ ኢንሱሊኑን እንዳያቆም!) በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ ለሚነሳ ሲቲ ስካን የሚሄድም ሜትፎርሚን እንደሚወስድ አስቀድሞ ይናገር። ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ሕመም፣ ያለ ልክ መድከምና መፍዘዝ አብረው ከመጡ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ግሊቤንክላማይድ ጠባዩ ሌላ ነው። ሰውየው በላም አልበላም ቆሽቱን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ዋና አደጋው የስኳር መውረድ ነው። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ሲታይ፣ ወይም የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ አሟሙቶ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። ቸኮሌት ስቡ ስለሚያዘገየው ለዚህ አይሆንም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም። መድኃኒቱ ረጅም ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ ከተነሳ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ በዕድሜ የገፉና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች «ተሻለኝ» ብለው ከመተኛት ይልቅ ሐኪም ቤት ሄደው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ክትትል ቢደረግላቸው ይሻላል። ቁርስ ያልበላ ሰው ደግሞ የጠዋቱን ግሊቤንክላማይድ አይዋጥ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፋርማሲ ባለሙያ