ባሕር ዳር ላለው ወዳጄ፣ ስለ ጀልባህ መብራት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 3

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ጋ ሁሉ ሰላም ነው፤ ሙቀቱም በረድ ብሎ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ የሚባልበት ወር ገብቷል። ሁለት ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን በሰበብ አልሸፍነውም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ካሳ ይሁንልኝ ብዬ የጀልባህን ጥያቄ በደንብ እመልስልሃለሁ።

እዚህ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ “በጣም ደማቅ የሆነውን” ኤልኢዲ ገዝተህ በአውቶቡስ ላክልኝ ብለሃል። እንዲሁ ዝም ብዬ አልልክም አቦ! ደማቅ መብራትማ ሞልቷል። ጀልባ ላይ መብራት የሚሞተው ግን ድምቀት አንሶት አይደለም፤ ሽቦው፣ መጋጠሚያውና የገባበት ውሃ ናቸው የሚገድሉት። ለመብራት ካሰብከው ገንዘብ ግማሹን ለሽቦ፣ ለፊውዝና ለመጋጠሚያ አድርገው። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ስለ ጀልባ ይመክረኛል ብለህ አትሳቅ፤ 12 ቮልት ባጃጅ ላይም ጣና ላይም ያው 12 ቮልት ነው።

የጀልባ መብራት ከሁሉ በፊት አንተን ለማሳየት ነው፤ ለማየት የሚረዳህ ከዚያ በኋላ ነው። በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ከ12 ሜትር ለምታንስ የሞተር ጀልባ ቀላል መንገድ ይሰጣል። በግራ ጎኗ ቀይ፣ በቀኝ ጎኗ አረንጓዴ፣ ከላይ ዙሪያውን የሚያበራ አንድ ነጭ። ቀዩና አረንጓዴው ከፊት ለፊት ጀምረው በየጎናቸው 112.5 ዲግሪ ይሸፍናሉ፤ ቢያንስ ከ1 የባሕር ማይል መታየት አለባቸው። ነጩ 360 ዲግሪ ያበራል፣ ከ2 ማይል ይታያል፣ ከጎን መብራቶቹም ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይላል። ያንተዋ 8 ሜትር ስለሆነች በዚህ ትስተናገዳለች። ደንቡ ለባሕርና ከባሕር ጋር ለተያያዘ ውሃ የወጣ ነውና ጣና ላይ የሚጠየቀውን ከአካባቢህ የውሃ ትራንስፖርት ተቆጣጣሪዎች አረጋግጥ። ቀለማቱን ግን እንዳታዛንፋቸው፤ ሌሊት ላይ ቋንቋ ናቸው። በቀኝህ በኩል ሆና ቀይ የምታሳይህ ጀልባ ካለች መንገድ የምትለቀው አንተ ነህ። ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካየህ በቀጥታ ወደ አንተ እየመጣች ነው።

ነጩን ከጣሪያው በላይ በምሰሶ ትከለው። ጣሪያው ራሱ ብርሃኑ ዓይንህ ላይ እንዳይወድቅ ይከልልልሃል፤ ከጣሪያው ሥር ካደረግከው ግን የጣሪያው ምሰሶዎች ከጎን ይጋርዱታል፣ አንተንም ያሳውርሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የጎን መብራቶቹ ላይ ነው። የጀልባዋ አፍንጫ ጎባጣ ስለሆነ መብራቱን ላሜራው ላይ ለጥፎ ያስረዋል፣ ከዚያ ቀዩ ወደ ጎን ብቻ ያይና ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው አያየውም። ከሥሩ ሽብልቅ የሆነ የፕላስቲክ ወይም የጠንካራ እንጨት ማስተካከያ አስገባና ፊቱን ከጀልባዋ መሐል መስመር ጋር ትይዩ አድርገው። ሲመሽ ከፊቷ 20 ሜትር ርቀህ ፈትሸው፤ መሐል ላይ ሁለቱም መታየት አለባቸው፣ ወደ ጎን ጥቂት እርምጃ ስትሄድ አንደኛው መጥፋት አለበት። ሁለቱም የሙጥኝ ብለው የሚከተሉህ ከሆነ መሐላቸው ጥቁር መከለያ ይፈልጋል።

የድሮውን የባልቦላ ቤት ትተህ ውስጡን ብቻ ወደ ኤልኢዲ ልትቀይር ካሰብክ፣ ከቀይ መስታወት ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ፣ ከአረንጓዴው ጀርባ አረንጓዴ አድርግ። ነጭ ኤልኢዲ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀይ ጨረር ግን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ቀይ መስታወት ሲያልፍ ደካማ ይሆናል፣ አረንጓዴውም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ደግሞ የድሮው መስታወት የተሠራው ለባልቦላ ክር ቦታ ነው፣ ኤልኢዲው ከዚያ ቦታ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ዲግሪው ይዛባል። እኔ ብሆን ሙሉውን እቀይረዋለሁ።

ለተሳፋሪዎቹ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሆነውን ሞቅ ያለ ብርሃን ያዝ። የ6000ው ነጭ ገበያ ላይ ደምቆ ይታያል፤ ሐይቅ ላይ ግን የምሽቱን ትንኝ ሁሉ ጠርቶ ሰው ላይ ያዘንባል፣ ነፍሳት ወደ ሰማያዊው ብርሃን ይሳባሉና። መሪው አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ቀይ ትበቃለች። የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ነጭ ብርሃን ግን ያንን በአንድ አፍታ ያጠፋዋል። ከፊት የሚታሰረው ፓውዛ ወደ ዳር ስትጠጋና መብራት የሌለው የደንገል ታንኳ አለ ብለህ ስትጠረጥር የሚበራ እንጂ እንደ መኪና ሁልጊዜ በርቶ የሚነዳበት አይደለም። አፍንጫዋ ጫፍ ድረስ አውጣው፤ ብርሃኑ የራስህ ብረት ላይ ካረፈ ተመልሶ የሚያሳውረው አንተን ነው።

አሁን ግዢው። መብራቱ ላይ “12 ቮልት” ብቻ ከተጻፈ ተወው፣ “ከ10 እስከ 30 ቮልት” የሚል ፈልግ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪህ ላይ ያለው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ይደርሳል፤ አንዳንድ የጀልባ ሞተሮች ደግሞ ቮልቴጁን የሚገድብ ሬጉሌተር ስለሌላቸው ከዚያም ያልፋሉ። ርካሹ ኤልኢዲ ኮረንቲውን የሚገድበው በሬዚስተር ብቻ ስለሆነ ቮልቴጁ በትንሹ ሲጨምር ኮረንቲው በብዙ ይጨምራል፣ ይግላል፣ በወራት ውስጥ ይሞታል። ሰፊ ቮልቴጅ የሚችለው ውስጡ ኮረንቲውን የሚቆጣጠር ድራይቨር አለው። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ሽቦ መንቀልንም እርሳው፣ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ድራይቨሩንም ይገድለዋል። ውጭ ለሚሆነው አይፒ67 ጠይቅ፤ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። አይፒ65 ለሚረጭ ውሃ ነው፣ ለጣሪያው ሥር ይሆንሃል።

ካርቶን ላይ የተጻፈውን አትመን፣ ቴስተር ይዘህ ሂድ። ኮረንቲውን ለካና በቮልቴጁ አባዛ፤ “36 ዋት” የተባለው 1.1 አምፔር ከወሰደ 13 ዋት ነው። የውሃውን ነገር ደግሞ ቤትህ ፈትነው። ግማሽ ሰዓት አብርተህ ሲግል አጥፋና ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ክተተው። የሞቀው አየር ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ላስቲኩ ደካማ ከሆነ ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። በማግስቱ መስታወቱ ላይ ጤዛ ካየህ መልስለት። ጣና ላይ በየምሽቱ የሚደርስበት ይኸው ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል። ሁለቱ የጎን መብራቶች 2፣ 2 ዋት፣ ነጩ 3፣ ለተሳፋሪ አራት ባለ 3 ዋት፣ ፓውዛው 18። ድምሩ 37 ዋት፣ ማለትም 3.1 አምፔር። ፓውዛውን ትተህ 4 ሰዓት ብታበራ 6.3 አምፔር ሰዓት ይበላል። ሰባቱንም በባለ 10 ዋት ባልቦላ ብታደርገው 23 ይበላ ነበር፤ የባለ 70 አምፔር ሰዓቱ እርሳስ ባትሪህ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ፣ ከ35 በታች ባታወርደው ይሻላል። ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ለመብራት አትንካው። ሐይቅ መሐል የሚገፋህ ሰው የለም።

ሽቦው ላይ ላምርርብህ። ለቤት የሚዘረጋው ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፣ ባለ ብዙ ክር ውሰድ። ስታኞ የተነከረ፣ ክሩ ብርማ የሆነ ካገኘህ በላጭ ነው፤ ተራው መዳብ በእርጥበት ከላስቲኩ ሥር እየጠቆረ ይሄዳል። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ገበያው ላይ ሞልቷልና ሳትገዛ ክሩን በምላጭ ፋቀው፣ ነጭ ከወጣ አትንካው። ውፍረቱን እንዲህ ታሰላለህ፤ ደርሶ መልስ ርዝመቱን በሜትር በአምፔሩ አባዛ፣ በ0.0175 አባዛ፣ ለሽቦው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር አካፍል። የሚወጣው በመንገድ የሚጠፋው ቮልት ነው፣ ለጎን መብራቶችና ለነጩ ከ0.36 አይለፍ። 8 ሜትር ሄዶ 8 የሚመለስ፣ 0.6 አምፔር የሚወስድ መስመር በ1.5 ሽቦ 0.11 ያጠፋል፤ በባልቦላ 2.5 አምፔር ቢሆን 0.47 ይሆንና ይወድቃል። ስለዚህ ለየመብራቱ 1.5፣ ከባትሪ እስከ ማብሪያው ሰሌዳ 4። 0.75ም ሒሳቡን ያልፋል፣ ግን ሰው እግሩን ሲያሳርፍበት ይበጠሳል።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ መብራቱን አይደለም። ዋናውን 15 አምፔር ከባትሪው ፖዘቲቭ በ18 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አስገባው፤ ከሰሌዳው አጠገብ ካስቀመጥከው በመሐል ያለው ሽቦ ሲላጥ የሚያቆመው የለም። የጎኖቹና የነጩ መስመር 3፣ የተሳፋሪዎቹ 3፣ የፓውዛው 5 ይበቃቸዋል። ባትሪውንና ማብሪያዎቹን ከቤንዚን ታንከሩ አርቃቸው።

እዚህ ላይ የባጃጅ ልማድህን እርሳ። መኪና ላይ ኔጋቲቩን ቦዲው ላይ አስረህ (ማሳ አድርገህ) ትገላገላለህ፤ የላሜራ ጀልባ ላይ ይህን ካደረግክ ኮረንቲው በውሃ በተነከረ ብረት ውስጥ መንገድ ይፈልጋል፣ ጀልባዋን ከሥር እየበላ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ መብራት ሁለት ሽቦ ሄዶ ይመለስ፣ ኔጋቲቮቹ ሁሉ ከሰሌዳው ጀርባ አንድ የመዳብ መሰብሰቢያ ላይ ይገናኙ፣ ከዚያ በአንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ባትሪው። የመብራቱ ቤት ብረት ከሆነ ከላሜራው በላስቲክ ለየው። ስትጨርስ ባትሪውን ከነሞተሩ ሽቦዎች ነቅለህ በቴስተር ኦም ላይ በመሰብሰቢያውና በላሜራው መሐል ለካ። ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም። ካሳየ አንዱ ሽቦ ተላጧል።

ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ይቅር፤ ናስትሮው በሙቀት ሙጫው ይለቅና ውሃ የሚይዝ ኪስ ይሆናል። በስታኞ ብቻ መበየድም አያዋጣም፣ ስታኞው የሚያበቃበት ቦታ ደረቅ ሆኖ በንዝረት ይሰበራል። ተርሚናሉን በመጭመቂያ ፒንሳ ጨፍልቅ፣ ላዩ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ አልብስ። በሁለቱም ጫፍ ሙጫ ጭል ብሎ ካልወጣ ገና አልታሸገም። ሽቦው ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፣ ውሃው እዚያ ጋ እንዲንጠባጠብ። በየ45 ሳንቲ ሜትሩ እሰረው። የምትበሳውን ቀዳዳ ሁሉ ከውሃው መስመር በላይ አድርግ፣ የተበሳውን ጠርዝ ቀለም ቀባ፣ ከዚያ በሲሊኮን ድፈን። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ሲሊኮን ግን አትጠቀም፣ የሚለቀው አሲድ መዳቡንና ኤልኢዲውን ይበላል። ሽታ የሌለው አለ።

አንድ ነገር ያሳስትሃል። ባልቦላ መጋጠሚያው ሲበላሽ ይደበዝዝና ያስጠነቅቃል፤ ድራይቨር ያለው ኤልኢዲ ግን ቮልቴጁ ሲወርድ ተጨማሪ ኮረንቲ እየሳበ ድምቀቱን ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ያኔ መብራቱን ሳትቀይር መጋጠሚያውን ፈትሽ። ሁሉንም አብርተህ እያንዳንዱ መብራት ጋ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር አስተያየው፣ በአንዱ መስመር ላይ ብቻ ልዩነቱ ከበዛ ጥፋቱ እዚያ ነው። ጠፍቶም ጭል ጭል የሚል ከሆነ ደግሞ ከማብሪያው ውስጥ ካለችው ጠቋሚ መብራት የሚያልፍ ትንሽ ኮረንቲ ነው፤ ለጠቋሚዋ የራሷን ኔጋቲቭ ስትሰጣት ይቆማል።

ለጥምቀት መንገደኛው ሳይበዛ ዕቃው እንዲደርስልህ ቶሎ መልስልኝ። ከባትሪው እስከ አፍንጫዋ፣ ከባትሪው እስከ ጣሪያው ምሰሶ ያለውን ርቀት ሽቦው በሚሄድበት መንገድ ለካ እንጂ በአየር ላይ አትለካ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ባትሪው ላይ የምታነበውን ቮልትም ጻፍልኝ። ከ15 ካለፈ መብራት ከመግዛታችን በፊት ሬጉሌተር እንፈልጋለን።

እናትህን ሳምልኝ።

ያንተው፣ ከድሬ