ከቤንዚን ወደ ናፍጣ፦ የመኪና ጥገና ክበብ ዓመት

የትምህርት ቤታችን የመኪና ጥገና ክበብ ዓመቱን በ14 አባላት ጀምሮ በ19 ጨርሷል። ቁጥሩ የጨመረው በማስታወቂያ አይደለም። የወርክሾፑ በር ተከፍቶ በዋለ ቁጥር አላፊ አግዳሚው አንገቱን ያሰግጋል፤ አንገቱን ያሰገገ ሁሉ ደግሞ "እስቲ ይቺን ያዝልን" ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

የያዝነው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የተሠራች ኤፍጄ45 ላንድክሩዘር ፒክአፕ ማደስ። ቶዮታ የ40 ተከታታይ የሚባለውን ይህን ላንድክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 አምርቶታል። የእኛዋ ለዓመታት ቆማ ስለነበር ጎማዋ ተንፍሷል፣ የካሶኒዋ (የኋላ መጫኛዋ) ወለል ደግሞ ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ሻንሲዋን፣ ማለትም አካሏን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ ከዳር እስከ ዳር በትንሽ መዶሻ እየመታን አዳመጥነው። ጤነኛ ብረት ጥርት አድርጎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ በኩል ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ቦታ ብቻ ታፈነብን፤ ቆርጠን በየድነው።

ሞተሩ ግን አላዳነንም። የዘይት መለኪያው ሲመዘዝ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። 2ኤፍ የሚባለው የቤንዚን ሞተሯ ብሎክ (ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋና አካል) ተሰንጥቆ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል። ከተጋጨ ላንድክሩዘር የወጣ 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ሲገኝ ክርክሩ ተጀመረ፤ ሁለት ሳምንትም ፈጀ። እኔ ከነባሩ ወገን ነበርኩ። አሮጌ መኪና በተፈጠረበት ሞተር ቢሄድ እወዳለሁ፤ ብሎክ ተፈልጎ 2ኤፉ ይታደስ አልኩ። አባላቱ ድምፅ ሰጡ፤ 9 ለ5 ሐሳቤ ወደቀ።

"ሲሊንደሩ ያው ስድስት፣ መጠኑም ያው፤ እንግዲህ አውጥቶ ማስገባት ነው" አለ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ። ለነገሩ በመጠኑ አልተሳሳተም። የ2ኤፍ 4,230 ሲሲ ነው፣ የ1ኤችዜድ 4,164። ንግግሩን አንዷ ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያጠፋው ከረመ።

ሥራው ግን አውጥቶ ማስገባት ብቻ አልነበረም። የቤንዚኑ ሞተር አየሩንና ነዳጁን የሚያምቀው ከ8 ለ1 ባነሰ ንጽጽር ነው፤ ናፍጣው አየሩን ከ22 ለ1 በላይ ያምቀዋል። ነዳጁን የሚያቀጣጥለውም ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ሳይሆን የታመቀው አየር ግለት ነው። ስለዚህ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ወጣ፣ የካንዴላው ሽቦ ወጣ፤ በምትካቸው የናፍጣ ፓምፕ፣ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው ኖዝል፣ የሞተር ማሞቂያ መስመርና ትርፍ ናፍጣውን ወደ ታንኩ የሚመልስ ቱቦ መጡ። መመለሻ ቱቦው ታንኩ ላይ ቀዳዳ ስላልነበረው ታንኩ ወረደ። የቤንዚን ታንክ ብየዳ የሚነካው አይደለም፤ ባዶም ቢሆን የቀረው የቤንዚን ተን ሊፈነዳ ይችላል። አጥበን፣ አድርቀን፣ ቱቦውን በብሎን የሚታሰር መገጣጠሚያ አበጀንለት።

ነባሩን ካምቢዮ አልነካነውም። አዲሱን ሞተር ከካምቢዮው የሚያገናኘው ማገናኛ ተገጠመና መሐሉ ለመሐል መግጠሙን በዲያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ዝንፈት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ፣ ለካን። እዚህ ላይ ያለች ትንሽ ዝንፈት ዛሬ አትታይም፤ ቆይታ ኩሽኔታ ትበላለች። ሦስት ከሰዓት የፈጀው ይህ ሥራ የዓመቱ አሰልቺ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን በጣም የወደድኩት እሱን ነው።

ስህተታችን የመጣው ሞተሩን ሻንሲው ላይ በሚያስቀምጠው ድጋፍ፣ በሱፖርቶው ነው። ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አንጠልጥለን፣ ሱፖርቶውን በካርቶን ቀድደን፣ ከብረት ቆርጠን በየድነው። በኮፓው (ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ገንዳ) እና በፊት ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለጎማዎቹ በሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) መካከል 9 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነበር፤ ሁላችንም ረካን። ክሪኮቹን አውርደን መኪናዋ በጎማዋ ስትቆም ክፍተቱ 3 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለካ ስንለካ ሻንሲው ክሪክ ላይ ተቀምጦ ባሌስትራው (የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ጉድጓድ ስትገባ ዲፈረንሻሉ ኮፓውን ይበሳዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለኩ ያልኩት እኔ፣ እሺ ያልኩትም እኔ። ሱፖርቶው ተቆርጦ ወጣ፣ ሞተሩ እንደገና ተነሳ፣ አንድ ወር ሄደ። ከዚያ ወዲህ በክበባችን "መሬት ላይ ናት?" ሳይባል ሜትር አይዘረጋም።

ሞተሩ መጀመሪያ አልነሳም አለ። ናፍጣ መስመር ውስጥ አየር ካለ ፓምፑ ይታለላል። ልጆቹ ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ፣ የኖዝሎቹን ዳዶ አላልተው አረፋው እስኪያልቅ አስተነፈሱት። በአምስተኛው ሙከራ ነጭ ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ጩኸቱ ከሞተሩ ይልቅ የልጆቹ ነበር።

ደስታው አምስት ሜትር ያህል ቆየ። መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ፍሬኑን ስረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ። በጉልበት ረግጬ አቆምኳት። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ የሚፈጥረው ባዶ ግፊት ለፍሬን ማገዣው ይበቃል፤ የናፍጣ ሞተር ግን የአየር መግቢያው ላይ የሚዘጋ ቫልቭ ስለሌለው ያንን አይሰጥም፤ የራሱ ቫኪዩም ፓምፕ አለው። እኛ የፍሬኑን ቱቦ እንደ ድሮው ከአየር መግቢያው ጋር አገናኝተነዋል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቱቦውን ከፓምፑ ጋር አገናኝታ፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ፔዳሉን ደጋግማ ረግጣ አጠነከረችው፤ እግሯን ሳታነሳ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ሰመጠ። "አሁን ይረዳል" አለች። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ብዙ ጊዜ ተነዳች።

ዲፈረንሻሉ ለአዲሱ ሞተር ይቀየር ወይስ ይቅር የሚለውን ለመለየት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተበድረናል። ልጆቹ ጎማው ላይ በጠመኔ አሰመሩ፣ መኪናዋን አንድ ዙር ገፏት፣ 2.45 ሜትር አገኙ። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 4.11 ነው፤ ጎማው አንዴ ሲዞር ወደ እሱ የሚገባው ዘንግ 4.11 ጊዜ ይዞራል። አራተኛ ማርሽ ደግሞ አንድ ለአንድ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,240 ዙር ገደማ ይዞራል ማለት ነው፤ የ1ኤችዜድ የማዞር ጉልበት (ቶርክ) ከፍ የሚልበትም እዚያው አካባቢ ነው። ዲፈረንሻል ሳንቀይር ቀረን።

ከፍ ትበል የሚለውን ጥያቄ ግን እምቢ አልኩ። 10 ሴንቲ ሜትር ማንሳት ለፎቶ ያምራል፤ ክሮቼራው (የሚዞሩትን ዘንጎች የሚያገናኘው መታጠፊያ) ግን አንግሉ ይከፋበታል፣ መኪናዋም ለመገልበጥ ትቀርባለች። ባሌስትራው በነባር ቁመቱ ታደሰ። ቀለሙ፣ የካሶኒው አዲስ ወለልና የመቀመጫ ቀበቶዎቹ ያለ ጭቅጭቅ አለቁ።

የቀረን የሞተር ዙር ቆጣሪው ነው። ቆጣሪው ከካንዴላው መስመር የሚመጣውን ምት ይቆጥር ነበር፤ አሁን የሚቆጥረው ስለሌለ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። የተሰነጠቀውን 2ኤፍ ደግሞ አዳዲሶቹ የ9ኛ ክፍል አባላት እንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጠው እየፈቱት ነው። አራት ፒስተን ወጥቷል፤ አምስተኛው ይኸው ዘይት እየጠጣ ሦስት ሳምንቱ ነው።