ሃንዳ፣ ፒተርና የእኛ ቅርጫት
የሕፃናት እንግሊዝኛ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ሰዋስውን ለክፍል ትተን፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች የእንግሊዝኛ የሥዕል መጻሕፍት ላይ ተጥደው ከረሙ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን «ሃንዳስ ሰርፕራይዝ» ነው። ኢሊን ብራውን ራሷ ጽፋ ራሷ የሣለችው፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ ነው። የኬንያዋ የሉዎ ብሔረሰብ ልጅ ሃንዳ ሰባት ዓይነት ፍራፍሬ በቅርጫት ተሸክማ ጓደኛዋን አኬዮን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ጽሑፉ አኬዮ የትኛውን ፍሬ እንደምትወድ ብቻ ያወራል። ሥዕሉ ላይ ግን ጉድ አለ፤ ጦጣው ሙዙን፣ ሰጎኗ ዘይቱኑን፣ ዝሆኑ ማንጎውን ከኋላዋ ላፍ ያደርጋሉ። ሃንዳ አታይም። ልጆቹ ያያሉ። ክፍል ውስጥ ትንፍሽ የማይለው ሁሉ «መንኪ! መንኪ!» እያለ ይጮኻል። እንዲህ ሲሆን መምህር ዝም ቢል ይሻላል።

ፍራፍሬው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አንዷ «ባዶ እጅ አይኬድማ!» አለችኝ። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አንድ መጽሐፍ ብቻውን ግን ያሳስታል። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ኬንያ መኪና የለም?» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ ሥዕሉ ላይ የለማ! በሚቀጥለው ሳምንት የናይሮቢን መንገዶች በስልኬ አሳየኋቸው። «እንዴ፣ ቦሌን ይመስላል!» ተባለ። የሩቅ አገሩን በረዶ ከካርቱን ያውቁታል፤ የምንዋሰናት አገር ግን ባዕድ ሆናባቸው ነበር።

በረዶውን ያመጣው ሁለተኛው መጽሐፋችን «ዘ ስኖዊ ዴይ» ነው። የኒው ዮርኩ ብሩክሊን ተወላጅ ኢዝራ ጃክ ኪትስ በ1962 እ.ኤ.አ. አሳትሞት፣ በዓመቱ ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ የሚሰጠውን የአሜሪካ የካልዴኮት ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኩ ፒተር ጥቁር ሕፃን ነው። በረዶ ላይ ሊጫወት ብቻውን ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ልኮት ነው?» ሆነ። በእኛ ሰፈር ልጅ ብቻውን ከታየ ወይ ተልኳል ወይ ጠፍቷል። እናቱ እርጥብ ካልሲውን ስታወልቅለት ደግሞ ሁሉም ቁጣ ጠበቁ። አልመጣም። ጥሩ እናት ናት ወይስ ታሞላቅቀዋለች? ክርክሩ በአማርኛ ተጀምሮ በጉራማይሌ አለቀ፤ እኔ አልከለከልኩም።

ከየመጽሐፉ ያለን አንድ አንድ ቅጂ ነው። «አይታይም!» የሚለው እሮሮ የበረደው ወንበሩን አውጥተን ሰሌን ላይ በግማሽ ክብ ስንቀመጥ ነው። ቤቱ ትርፍ የሥዕል መጽሐፍ ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል፤ የአማርኛም ይሁን።

በመጨረሻ ልጆቹ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የየራሳቸውን ቅርጫት ሣሉ። ቆሎ፣ አምባሻና ብርቱካን ሞሉበት። ሌቦቹ ጉሬዛና ቁራ ነበሩ፤ በአንዷ ልጅ ሥዕል ግን ሌባው ታናሽ ወንድሟ ነው። በወላጆች ቀን መጥቶ አየው። ክሱን አልተቀበለም።