«ላይ ሰው አላቸው»፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ

ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣

እንደምን ሰነበቱ። ሃይማኖትዎን ልነካ አልተነሳሁም። ማመን መብትዎ ነው። የሚጸልይ መሪ አያስፈራኝም፤ እንዲያውም ሲጨንቀው ቀና ብሎ ወደ ሰማይ የሚያይ ሰው፣ «ከእኔ በላይ ማን አለ» ከሚል ሰው ይሻለኛል። የምጽፍልዎ ስለ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው።

ባለፈው ክረምት ለቤት ካርታ ጉዳይ አንድ የመሬት ቢሮ ተመላልሼ ነበር። የትኛው እንደሆነ ልተወው። ኮሪደሩ ላይ (የልማቱን ሳይሆን የቢሮውን ኮሪደር ማለቴ ነው) ግድግዳ የተጠጋ ረጅም አግዳሚ አለ። አንድ እግሩ ስለሚያጥር አንድ ሰው ሲነሳ የተቀሩት ይወዛወዛሉ። እዚያ ላይ ሦስት አባቶች አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። አንደኛው ነጠላ የደረቡ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ሁለተኛው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሐጂ። ሦስተኛው ሱፍ ከነክራቫቱ የለበሱ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ሦስቱም ጉልበታቸው ላይ ክላሰር አስቀምጠዋል። ሦስቱም የመጡት ለቦታ ነው። አንዱ ለቤተ ክርስቲያን ማስፋፊያ፣ አንዱ ለመስጊድ ይዞታ ማረጋገጫ፣ አንዱ ለመቃብር።

«ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው» ተባልን። መቼም ይህን መልስ ያልሰማ የለም። ስንጠብቅ ወሬ ጀመርን። የጤፍ ነገር፣ የልጅ ነገር፣ የጉልበት ሕመም። ሦስቱ አባቶች ደስ የሚል ጨዋታ ነበራቸው። ባለ ነጠላው ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ሲወጡ ግን ሐጂ ጠጋ አሉኝ። «የእነሱ እኮ አልቋል። ዱሮም ቤቱ የእነሱ ነው። ላይ ሰው አላቸው።» ቀትር ላይ ሐጂ ለሶላት ተነሱ። ወንበሩ ተወዛወዘ። አሁን ደግሞ ባለ ነጠላው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን ወደ ባለ ሱፉ ጣል አድርገው በሹክሹክታ፣ «ዘመኑ የእነሱ ነው፣ ልጄ። ላይ ሰው አላቸው።» በማግስቱ ባለ ሱፉን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ሁሉም ጠቅላዩ የእናንተ ነው ይለናል። እኛ እኮ ቀብር በመጣ ቁጥር ቦታ ልመና ነው የምንወጣው። ላይ ሰው ያላቸውስ እነሱ ናቸው።»

ክቡርነትዎ፣ ሦስቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። ሦስቱም ግን ከልባቸው ነው ያሉት።

ቤት ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባትዎ ሙስሊም፣ እናትዎ ኦርቶዶክስ፣ እርስዎ የሙሉ ወንጌል አማኝ። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ሦስቱ አባቶች የእርስዎው ቤተሰብ ናቸው! ኅዳር 2012 ዓ.ም. ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበሉ ከመጽሐፍ ቅዱስም ከቁርዓንም ጠቅሰው ነበር። ያን ቀን ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ እኔም አንዱ ነኝ። ታዲያ የእርስዎ ቤት ሦስቱን አብሮ ማኖር ከቻለ፣ ያ ቢሮ ለምን አቃተው?

ከርመን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። መሪው ሲናገር ሃይማኖቱን እናዳምጣለን። «ፈጣሪ» አለ ወይስ «እግዚአብሔር»? ማንን ሾመ? የሚኒስትሩ ስም ምንድን ነው? የፓርቲዎ ስም «ብልጽግና» ሲባል እንኳ ቃሉ ከስብከት መድረክ የመጣ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ ይህን ክርክር አልወደውም። ቃል የማንም ርስት አይደለም። ሰው ግን ለምን እንዲህ ያደምጣል ብዬ ስጠይቅ መልሱ ያው አግዳሚው ላይ ነው። ሕጉ ብቻውን ያደርስልኛል ብሎ የማያምን ሰው፣ ላይ ያለው የማን ወገን እንደሆነ ማጣራቱ አይቀርም።

ይህ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች፤ ንጉሠ ነገሥቱም የግድ የእሷ ልጅ። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ይባል ነበር፤ እንደ እንግዳ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አደባባይ የወጣው ሕዝብ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ነኝ» ብሎ ነው። ከሰልፈኞቹ መሀል ክርስቲያኖችም ነበሩ፤ ይህቺን ነገር ብዙ ጊዜ እንረሳታለን። የእርስዎ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን እንመዝገብ ብላ ተከልክላለች። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከ200 በላይ ጴንጤዎች ለጸሎት በተሰበሰቡበት ታፍሰው ታስረዋል። ያኔ የታሰሩት አማኞች «ላይ ሰው» አልነበራቸውም። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ታሪኩ የራስዎ ቤት ታሪክ ነው።

ደርግ መጣና ሃይማኖት የለኝም አለ። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር፤ የሙስሊም በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ያደረገው እሱ ነው። በኋላ ግን በአንድ ዓመት፣ በ1971 ዓ.ም.፣ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንም የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሃይማኖት የሌለው መንግሥት ለሃይማኖት ነፃነት ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል? ኢሕአዴግ ደግሞ አንቀጽ 11ን ጻፈልን፦ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፤ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም። ጥሩ ጽሑፍ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሳው የሙስሊሞች ተቃውሞ፣ «ድምፃችን ይሰማ»፣ ግን መንግሥት በመጅሊሳችን ውስጥ ገባ የሚል ነበር፤ መልሱም እስር ሆነ። የሚገርመው አቶ ኃይለማርያም ፕሮቴስታንት ሆነው ወደ ስድስት ዓመት ሲመሩን ስለ እምነታቸው ብዙም ያወራ አልነበረም።

እርስዎ ሲመጡ ጥሩ ሠርተዋል፤ ይህን አለመናገር ንፉግነት ነው። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ የነበረው ሲኖዶስ ታርቆ አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። ሙስሊሙን ለሁለት የከፈለው ጉዳይም ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። መጅሊሱና የወንጌል አማኞች ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኙ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያ ሁሉ የሆነው እርስዎ ስለፈለጉ ነው። በመሪ ፈቃድ የመጣ መልካም ነገር መሪው ፊቱን ሲያዞር ምን ይሆናል?

2015 መልሱን አሳየን። ጥር ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። እርስዎ ሚኒስትሮችዎን ጣልቃ እንዳይገቡ አዘዙ፤ በሁለቱም ወገን እውነት አለ አሉ። ሲኖዶሱ ይህንኑ ንግግር ጣልቃ ገብነት ብሎ ወሰደው። እኔ በቅንነት የተናገሩት ይመስለኛል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኗ የምትጠይቀው ሽምግልና ሳይሆን ሕግ ነበር። በግንቦት ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ መስጊዶች ፈረሱ፤ አንዋር መስጊድ አካባቢ በነበረው ተቃውሞ ሰው ሞተ። የከተማው አስተዳደር ፕላን ነው አለ፤ ምእመኑ እምነቴ ነው አለ። ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ያየሁት ክላሰር፣ ሲከር እዚህ ይደርሳል።

የማወራው ስለ መሬት የሆነው ለዚህ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ለአምልኮ የሚሆን ቦታ በምደባ ሊሰጥ ይችላል፤ የሚወስነው ካቢኔው ነው። በጨረታ ቢሆን ብር ይናገራል፤ ማን ስንት እንዳቀረበ ይለጠፋል። በምደባ ሲሆን የሚናገረው ቃለ ጉባኤ ነው። ቃለ ጉባኤውን እኛ አናየውም። ያላየነውን ደግሞ እንሞላዋለን፤ በወሬ፣ በብሔር፣ በእምነት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። የአምልኮና የመቃብር ቦታ የጠየቀ ሁሉ፣ የጠየቀበት ቀን፣ የተሰጠው መልስና ምክንያቱ በየመሬት ቢሮው በር ላይ ይለጠፍ። ኤ4 ወረቀት ይበቃል። ሐጂ የባለ ነጠላውን ጥያቄ ያንብቡት፤ ባለ ነጠላውም የባለ ሱፉን። የተከለከለው ለምን እንደተከለከለ ይወቅ።

ሁለተኛዋ ደግሞ የቢሮ ጸሎት ነገር ናት። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ኃላፊው ስብሰባውን በጸሎት ከፈተ። ደግ ሰው ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ግማሹ አንገቱን ደፋ። ሙስሊሟ ባልደረባችን ስልኳን አየች፤ ስክሪኑ ግን ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የዕድገት ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር ሰዉ የትምህርት ደረጃውን ትቶ «አለቃው የት ነው የሚያመልከው?» ማለት ጀመረ። አንዱ ልጅማ «ቸርቹ የት ሰፈር ነው?» ብሎ በቀልድ ጠይቆኛል። ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የበታች ሹም የበላዩን አይቶ ነው የሚራመደው። እርስዎ በመንግሥት አዳራሽ «ጸሎት በቤታችን፣ በመስጊዳችን፣ በቤተ ክርስቲያናችን፤ እዚህ ሥራ» ብለው አንድ ቀን ቢናገሩ፣ ከመቶ ሰርኩላር ይበልጣል።

በ1999ኙ ቆጠራ ከመቶ 43.5 ኦርቶዶክስ፣ 33.9 ሙስሊም፣ 18.5 ገደማ ፕሮቴስታንት ነበርን። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ የለም። አንዱም ግማሽ አይሞላም፤ ነገ ማን እርስዎ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ማናችንም አናውቅም። የዛሬው «ላይ ሰው ያለው» ነገ አግዳሚው ላይ ነው።

የእኔ ካርታ በስንት ጭቅጭቅ አልቋል። ባለፈው ሳምንት ልወስድ ስሄድ ሦስቱን አባቶች እዚያው አገኘኋቸው። ባለሙያው ዛሬም ስብሰባ ላይ ነው። ለመጪው ማክሰኞ ተቀጥረዋል፤ ሦስቱም ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ባለ ጉዳይ