ባልጻፍከው ላይ ስምህን አታስፍር

የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። የመመረቂያ ጽሑፍህ 61 በመቶው ከሰው ጽሑፍ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ተመለሰ አሉ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

መጀመሪያ ተረጋጋ። ጽሑፍ የሚያመሳክረው የኮምፒውተር ፕሮግራም መመሳሰልን ነው የሚቆጥረው፣ ሌባ ነህ አላለህም። በጥቅስ ምልክት ያስገባኸውንም፣ የዋቢ ዝርዝሩንም አብሮ ሊቆጥር ይችላል። ሪፖርቱን ክፈትና ቀለም የተቀባውን አንድ በአንድ እየው። ምንጩን ጠቅሰህ የወሰድከው ከሆነ አማካሪህን አስረዳ። ዝም ብለህ የለጠፍከው ከሆነ ግን አውጣው። ባልጻፍከው ላይ ስምህን አታስፍር።

ነገሩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤታችን ስንቱን አሳይታኛለች! አንዱ ከኢንተርኔት የቀዳውን ሰማያዊ መስመሩን እንኳ ሳያጠፋ ያሳትማል። ሌላው ከአምስት ቦታ አንዳንድ አንቀጽ ቆርጦ ይሰፋና፣ እዚህም እዚያም ቃል ሲለዋውጥበት የራሱ የሆነ ይመስለዋል። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሶ ምንጩን የሚደብቅ አለ። ገልጦ ያላየውን መጽሐፍ ዋቢው ውስጥ የሚደረድር አለ። አምና ያስረከበውን ዘንድሮ ለሌላ ኮርስ የሚሰጥም አለ፤ "የራሴ አይደል እንዴ?" ይላል።

አንድ ልጅ ግን ከልቤ አልወጣም። የሰው ጥናት በፍላሽ ይዞ መጣ። "እትዬ፣ ሽፋኑን ብቻ ቀይሩልኝ" አለኝ። ቀየርኩለት። ስሙን፣ መታወቂያ ቁጥሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ በዚችው እጄ። 200 ብር ተቀበልኩ። የምስጋናውን ገጽ ግን እሱም እኔም አላየነውም። የሌላ ሰው እናት ስም እዚያው ቀረ። ጥናቱን መምህራን ፊት ቆሞ ሲያስረዳ፣ ዲፌንሱ ላይ፣ መምህሩ ጮክ ብሎ አነበበው። ልጁ በዚያ ዓመት አልተመረቀም፣ እናቱ ለምርቃቱ ጠላ ጠንስሳ ነበር። ያን ብር ምን እንዳደረግሁት ታውቃለህ? ያንተን የ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ከፈልኩበት። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፣ ለአባትህም ጭምር።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። እንግሊዝኛውን ይፈራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነበት፣ በገዛ ቃሉ ጻፍ ብሎ ያለማመደው የለም። በአንድ ሳምንት አምስት አሳይመንት ይሰጡታል፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ የሚያሳየው የለም፣ ጓደኞቹም ሁሉም ያደርገዋል ይሉታል። አንተስ ሁለተኛ ዓመት ላይ "እማ፣ የነሱ አጻጻፍ ከኔ ይሻላል፣ ለምን አበላሸዋለሁ?" አላልከኝም? እኔም ስቄ ዝም አልኩ። ያን ቀን መቆጣት ነበረብኝ።

አያትህን አስብ። ቅኔውን ጎጃም ተምረው የዝማሬውን ትምህርት፣ አቋቋሙን፣ እዚሁ በዓታ ቤተ ክርስቲያን ነው የጨረሱት። "ቅኔ ዘረፈ" ማለት ከራሱ አፈለቀ ማለት ነው እንጂ፣ የጓደኛውን ቅኔ የደገመ ተማሪ መሳቂያ ነው ይሉን ነበር። ተማሪዎቹ ቁራሽ ለምነው፣ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ቅኔ ቆጥረው፣ ጠማማም ቢሆን የራሳቸውን ይዘው የኔታ ፊት ይቆማሉ። የኔታ ያርሟቸዋል። ያንተም ጠማማ እንግሊዝኛ ይታረማል። የሰው ከሆነ ምኑ ይታረማል?

ተመርቄ ወጣሁ ብለህም አትገላገለውም። የጀርመኑ መከላከያ ሚኒስትር ጉተንበርግ ዶክትሬቱ ከሰው የተቀዳ መሆኑ ታውቆ ማዕረጉን ተነጠቀ፣ በ2003 ዓ.ም. ከሥልጣኑ ወረደ። በዓመቱ የሃንጋሪው ፕሬዚዳንት በዚሁ ነገር ለቀቁ።

አሁን የምልህን አድርግ። ነገ ጠዋት ፊትህን ታጠብና ቁርስህን ብላ፣ ከዚያ አማካሪህ ጋ ሂድ። አትዋሽ፣ "ጓደኛዬ ነው የጻፈልኝ" አትበል። ጊዜ እንዲሰጥህ ለምን። ስታነብ የጸሐፊውን ስምና ገጹን ወዲያው ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ መጽሐፉን ዝጋና የገባህን በራስህ ቃል ጻፍ። እንጽፍልሃለን ለሚሉህ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጥ። ባልጻፍከው ላይ ስምህን አታስፍር ብያለሁ!

500 ብር በቴሌብር ልኬልሃለሁ። በሶውን ከእርጥበት አርቀው። አባትህ አልሰማም፣ አንተው ንገረው። ለጥምቀት ስትመጣ ጽሑፍህን በፍላሽ ይዘህ ና፣ እኔ ራሴ አትምልሃለሁ። የምስጋናውን ገጽ በመጀመሪያ አየዋለሁ።

እናትህ
ከጎንደር