ከዴሊቨሪው በፊት ያለው ሥራ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! መልእክትሽ ሲገባ ደስ ብሎኝ ነበር የከፈትኩት፤ ሳነበው ግን ሆዴ ተረበሸ። ዴሊቨሪው አማሮሽ ኦንላይን ሱቁን ልትዘጊው እንደሆነ ጽፈሻል። እኔ ደግሞ እንደምታውቂው ኑሮዬ መጋዘን ውስጥ ነው። ስለዚህ በስልክ ሁለት ቃል ብዬ ከማልፈው ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሱቅሽን አትዝጊ። አድራሽ ድርጅቱንም ለመቀየር አትቸኩዪ። ደንበኛ "ዕቃዬ አልደረሰም" ሲል ሁላችንም ዓይናችን የሚሄደው ሞተረኛው ላይ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ከመደርደሪያ ሳይነሳ ነው የተፈጠረው። የሌለ ዕቃ ተሽጧል፣ ወይም ሌላ ቁጥር ተነስቷል፣ ወይም አድራሻው ግማሽ ነው፣ ወይም ማንም ሊያሟላው የማይችል ቀን ለደንበኛው ተነግሮታል። ሞተረኛው መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ስለሆነ ብቻ ጣጣው ሁሉ እሱ ላይ ይወድቃል።

በቆጠራው ልጀምር። ኮምፒውተሩ 12 ፍሬ አለ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው 9 ነው። ሦስቱ የት ገቡ? ብዙ ጊዜ ሌባ የለበትም። አንዱ ከአቅራቢው ሲመጣ ሳይቆጠር የተረከባችሁት ጉድለት ነው። አንዱ ለፎቶ ተብሎ ወጥቶ እዚያው ቀርቷል። አንዱ ተሰብሮ ተጥሏል፣ ግን ማንም አልመዘገበውም። እነዚያ ሦስት ፍሬዎች ገጽሽ ላይ "አለ" ተብለው ሲሸጡ ሦስት ሰዎች በር በሩን እያዩ ይጠብቃሉ። ሦስቱም የሚያማርሩት ዴሊቨሪውን ነው። ዕቃው እኮ የለም!

ለዚህ በዓመት አንዴ ሁሉን ዘግቶ መቁጠር አይበቃም። የዓመቱ ቆጠራ ለሒሳብ መዝጊያ ጥሩ ነው፤ ነገ ጠዋት ለሚገባው ትዕዛዝ ግን አይደርስም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቁጠሪ። በአብዛኛው ሱቅ ውስጥ ዋናውን ገቢ የሚያመጡት ጥቂት የዕቃ ዓይነቶች ናቸው። እነሱን በየሳምንቱ፣ መካከለኞቹን በየወሩ፣ ብዙ የማይንቀሳቀሱትን በየሩብ ዓመቱ ብትቆጥሪ ይበቃል። ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩን አስተካክሎ ማለፍ ብቻውን ዋጋ የለውም። ለምን እንደጎደለ አንድ መስመር ይጻፍ። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ እነዚያ መስመሮች ቀዳዳው የት እንዳለ ራሳቸው ይነግሩሻል።

በራስሽ ድረ ገጽም፣ በማኅበራዊ ሚዲያም፣ በሌላ የገበያ መተግበሪያም እንደምትሸጪ ጽፈሻል። መሸጫው ሦስት ነው፣ ዕቃው ግን አንድ ነው። ሦስቱ ከአንድ የስቶክ (በእጅሽ ያለ ዕቃ) ቁጥር የማይነበቡ ከሆነ አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰው መሸጥሽ አይቀርም። የሚያገናኛቸው ሶፍትዌር እስኪኖርሽ ድረስ የመጨረሻዎቹን ሁለት ፍሬዎች ከአንዱ መሸጫ በቀር ከሌሎቹ ደብቂያቸው። ጥቂት ሽያጭ ሊያመልጥሽ ይችላል። ገንዘብ ተቀብሎ "ይቅርታ፣ አልቋል" ከማለት ግን ይሻላል። እንዲህ የተባለ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

ዕቃ ማንሳቱ ላይ ደግሞ መደርደሪያሽን በሌላ ሰው ዓይን እይው። ባለ 41 ቁጥር ጥቁር ጫማና ባለ 42ው ጎን ለጎን ናቸው። ካርቶናቸው አንድ ዓይነት ነው። ቁጥሩ ጫፍ ላይ በደቃቅ ተጽፏል። ትዕዛዝ በሚበዛበት ሰዓት እጅ የሚያነሳው የቀረበውን ነው፣ በቃ። ሠራተኛ መቆጣት ይህን አይለውጠውም። የሚመሳሰሉትን አራርቀሽ አስቀምጪ። ለእያንዳንዱ ቦታም መለያ ስጪው፤ መደርደሪያ ሀ፣ ረድፍ 3፣ ሳጥን 2 እንደማለት። የሚታተመው ትዕዛዝ ላይ ይህ መለያ ከዕቃው ስም በፊት ይውጣ። ከዚያ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ባርኮዱ ስካን ይደረግ። ባርኮድ በሱቅ ገንዘብ መቀበያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፣ በማስቲካ ማሸጊያ ላይ። ያን ጊዜ ውድ ማሽን ያስፈልገው ነበር። ዛሬ የኪስሽ ስልክ ይበቃዋል። ትልቅ ድርጅት እስክሆን ልጠብቅ የሚያሰኝ ነገር የለውም።

ዕቃ ስለሚያልቅብሽ ነገር ደግሞ አንድ ስሌት ልስጥሽ። አንድ ዕቃ በቀን በአማካይ 6 ይሸጣል እንበል፣ አቅራቢሽም በ10 ቀን ያደርሳል። ስለዚህ ዕቃው እስኪመጣ 60 ፍሬ ያስፈልግሻል። ግን ሽያጩ አንዳንዴ 9 ይደርሳል፣ አቅራቢውም 14 ቀን የቆየበት ጊዜ አለ። 9 በ14 ሲባዛ 126 ነው። በ126ቱና በ60ው መካከል ያለው 66 ፍሬ መጠባበቂያሽ ነው። መደርደሪያው ላይ 126 ሲቀር አዲስ ታዢያለሽ ማለት ነው። ይህ ስሌት ጥንቃቄ ያበዛል፣ ገንዘብም ያስራል። ስለዚህ ደንበኛ ለእነሱ ብሎ ወደ አንቺ ለሚመጣባቸው ዕቃዎች ብቻ ተጠቀሚበት። ለቀሩት አንሶ ቢገኝም ችግር የለውም። ዋናው ነገር የአቅራቢሽን ቀናት በቃሉ ሳይሆን በመዝገብ ማወቅሽ ነው። ያዘዝሽበትንና ዕቃው የገባበትን ቀን ጻፊ።

አሁን ወደ ካርቶኑ ልምጣ። ብዙ ነጋዴ አያየውም፣ ገንዘቡ የሚፈሰው ግን እዚህ ነው። አጓጓዦች የሚያስከፍሉሽ በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ካርቶኑ የሚይዘውን ቦታም ወደ ኪሎ ይለውጡታል። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ይባዛና ብዙ ጊዜ ለ5000 ይካፈላል። ከዚህና ከሚዛኑ የሚበልጠው ይከፈላል። አንድ ኪሎ የማይሞላ የመብራት ሽፋን በየጎኑ 30 ሴንቲሜትር በሆነ ካርቶን ብታሽጊው 27,000 ለ5000 ተካፍሎ 5.4 ኪሎ ይሆናል። ያው ዕቃ 30 በ20 በ15 በሆነ ካርቶን ከገባ 1.8 ኪሎ ነው። የከፈልሽው ለአየር ነበር ማለት ነው! ቀድሞ ይህ በዋናነት የአውሮፕላን ጭነት ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻና ከ2015 መግቢያ ጀምሮ ግን ትልልቆቹ አጓጓዦች ዩፒኤስና ፌዴክስ አሜሪካ ውስጥ በመኪና የሚሄደውን ትንሹን ጥቅል ሁሉ በዚሁ ማስላት ጀመሩ። የአንቺም አጓጓዥ አካፋይ ቁጥር (እንደ 5000ው ያለው) ውሉ ላይ ይኖራል፤ ጠይቂና እወቂው። ከዚያ ብዙ የምትሸጫቸውን ዕቃዎች ለክተሽ ለእነሱ የሚሆን ሦስት ወይም አራት ዓይነት ካርቶን ብቻ ያዢ።

ስለ ማሸግም አንድ ነገር ልጨምር። አሽገሽ ስትጨርሺ ካርቶኑን ወዝወዝ አድርጊው። ውስጡ ከተንኳኳ መንገድ ላይም ይንኳኳል። ፕላስተሩ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ጠርዞችም ይያዝ። "ተሰባሪ" የሚል ጽሑፍ ለጥፈሽ ግን እንዳትተማመኚ። ዕቃው በተንሸራታች ቀበቶ ላይ ይወርዳል፣ ሌላ ካርቶን ይጫነዋል፣ ጽሑፉን የሚያነብለት የለም። የሚያድነው ውስጡ ያለው መደገፊያ ነው።

አድራሻና ቃል መግባት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአንቺ ምሬት በአብዛኛው እዚህ ያለ ይመስለኛል። መጀመሪያ ሄዶ ሰው ያላገኘ ሞተረኛ ሁለተኛ ጊዜ ይሄዳል። ነዳጁም ጊዜውም እጥፍ ነው። በዚህ መሃል ደንበኛሽም ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል፣ በተለይ ክፍያው ዕቃው ሲደርስ ከሆነ። አድራሻ የሚሞላበት ቅጽሽ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ካለ ሰው ያሰኘውን ነው የሚጽፈው። ከፋፍይው። አካባቢው ለብቻ፣ የቤት ወይም የሕንፃ ቁጥሩ ለብቻ፣ በቅርብ ያለ ምልክት ለብቻ፣ ሁለተኛ ስልክ ለብቻ። ካርታ ላይ ነጥብ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ከቻልሽ ደግሞ እሰየው። ዕቃው በሚወጣበት ጠዋት አጭር መልእክት ይሂድለት፤ "ዛሬ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንመጣለን፣ ካልተመቸዎ ሌላ ሰዓት ይምረጡ" የሚል። ቀን ቀን ቤት የማይገኙ ደንበኞች ካሉሽ መጥተው የሚወስዱበት ነጥብ ወይም የሎከር (ጥቅሉ ተቆልፎ የሚጠብቅበት ሳጥን) አገልግሎት አማራጭ ስጪ። ለብዙ ጥቅል አንድ ቦታ መድረስ በየበሩ ከመዞር ይቀላል፣ ይረክሳልም።

ቃሉን በተመለከተ ደግሞ "በ2 ቀን" ብለሽ ስትጽፊ ሁለቱ ቀናት ከመቼ ነው የሚቆጠሩት? ደንበኛው ከከፈለባት ደቂቃ ይቆጥራል። አንቺ ዕቃው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ትቆጥሪያለሽ። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ማዘጋጃውንና ጉዞውን ለይተሽ ጻፊ፣ የዕለቱ መዝጊያ ሰዓትም ይታወቅ። ከ8 ሰዓት በፊት የታዘዘ ዛሬ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የታዘዘ ነገ። እኔን ብትጠይቂኝ 4 ቀን ብሎ በ3 ማድረስ 2 ብሎ በ3 ከማድረስ በጣም ይሻላል። ዕቃው የደረሰበት ቀን እኮ አንድ ነው። ሰው መጠበቅን ይችላል። አለማወቅን ግን አይችልም። ዕቃው ከዘገየ ደንበኛው ደውሎ ሳይጠይቅ በፊት አንቺ ንገሪው።

ወደ ውጭ አገር ስለመላክ በአጭሩ። የጉምሩክ ወረቀት ላይ "ስጦታ" ወይም "መለዋወጫ" ብሎ መጻፍ ዕቃን ያሳግታል። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ለምን እንደሚያገለግል ይጻፍ። አገሮች ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጋሩት ባለ 6 አሃዝ የዕቃ መለያ ኮድ አለ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃሽ አንዴ ፈልገሽ መዝግቢው። ቀረጡን ማን እንደሚከፍልም ገዢው ከመክፈሉ በፊት ይወቅ። "ትንሽ ዕቃ ነው፣ አይቀረጥም" የሚለው ወሬ አሁን አያስኬድም። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. አንስቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ዕቃ የነበረውን የቀረጥ ነፃነት በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. አቁማለች። ፓወር ባንክ ልትጨምሪ አስበሻል ያልሽውንም በደንብ አስቢበት። ውስጡ የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው፤ ለብቻው የተላከ እንዲህ ያለ ባትሪ ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት አይሄድም። በጭነት አውሮፕላን ሲሄድም ቻርጁ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ተመላሽ ዕቃን እንደ እርግማን አትይው። ለምን እንደተመለሰ ከዝርዝር እንዲመርጡ አድርጊ፤ ጠበበኝ፣ ከፎቶው ይለያል፣ ተሰብሮ መጣ፣ ዘገየ። አንድ ቀሚስ በተደጋጋሚ "ጠበበኝ" ተብሎ ከተመለሰ ችግሩ ሰዎቹ ሳይሆኑ የመጠን ሠንጠረዡ ነው። ልብሱን ዘርግተሽ ደረቱንና ወገቡን በሴንቲሜትር ለክተሽ ጻፊ። የተመለሰውን ደግሞ በመጣበት ቀን አይተሽ ወይ ወደ ስቶክ መልሺው፣ ወይ በቅናሽ ሽጪው፣ ወይ አስወግጂው። ጥግ ላይ የተከመረ ተመላሽ ተቆልፎ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

አድራሽ ድርጅቱን የምትመዝኚው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ ማስረጃ ይኖርሻል። በርክክብ ሰዓት እያንዳንዱ ጥቅል ስካን ተደርጎ ይፈረም፣ ክብደቱ ይመዝገብ፣ ውድ ከሆነም ፎቶ ይነሳ። በመጀመሪያ ሙከራ የደረሰው ምን ያህል እንደሆነ፣ የጠፋና የተሰበረው ስንት እንደሆነ በየወሩ አውጪ። እሱን ይዘሽ ስትነጋገሪ ይሰሙሻል። ካልሰሙሽም ቀይሪያቸው፣ እኔም አልከለክልሽም። ከተቻለ ግን ሥራውን በሙሉ ለአንድ ድርጅት አትስጪ። ትንሽም ቢሆን ለሁለተኛው ይሂድ፤ አንዱ ሥራ ሲያቆም ከዜሮ አትጀምሪም።

ያለፈውን ወር ቅሬታዎች ሰብስበሽ ላኪልኝ፤ በኤክሴል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካልሆነም የስልክሽን ስክሪን አንስተሽ። ትዕዛዙ የገባበት ቀን፣ ከመጋዘን የወጣበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ ደንበኛው ያለው ነገር። ስምና ስልካቸውን አጥፊው። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ፣ ከዚያ የትኛውን በመጀመሪያ እንደምንይዝ እንነጋገራለን። የካርቶኖችሽን ልክም አብረሽ ላኪ። ለልጆቹ ሰላም በይልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ