17ኛ የወጣችውስ?

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ሰኔ 30 የልጄን ካርድ ልቀበል ትምህርት ቤቷ ሄጄ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ናት። ድንኳን ተጥሏል፣ ሞንታርቦው ጆሮ ይበጥሳል፣ ዝናቡ ደግሞ የድንኳኑን ሸራ እንደ ጡት አንጠልጥሎታል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት እየተጠሩ ደብተርና እስክርቢቶ ተሸለሙ። እሰየው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። የእኔዋ ግን ባለፈው ሴሚስተር ከ54 ልጆች 31ኛ ነበረች፣ አሁን 17ኛ ወጥታ ስሟን የጠራ የለም። "እማዬ፣ እኔስ መቼ ነው የምጠራው?" ብላ በጆሮዬ ስታንሾካሹክ ምን እንደምላት ጠፋኝ። ካርዷን ገልጬ አሳየኋት፣ እሷ ግን ዓይኗ መድረኩ ላይ ነው።

ስለ ኬጂዎቹ ጋዋን ኪራይ እንኳ ባላወራ ይሻላል፣ ገና ፊደል ሳይጨርሱ ተመረቁ!

ለማንኛውም፣ ደረጃውን ያሻሻለ፣ ዓመቱን ሙሉ ያልቀረ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲያነብ የከረመ ልጅም ይጠራ። እስክርቢቶም አያስፈልግም፣ ስሙ ብቻ በማይክ ይሰማ። መስከረም ላይ የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እዚያም አነሳዋለሁ።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ